የጌም ሄድሴት ከመግዛታችሁ በፊት፦ ምቾቱ፣ ድምፁና የልጆቻችን ጆሮ

እራት ቀርቧል። እናት ትጣራለች፤ «አቤት» የሚል የለም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ትደግማለች፤ አሁንም ዝም። በሩን ከፍታ ስትገባ ልጁ ትልቅ ሄድሴት ራሱ ላይ ደፍቶ፣ አፉ አጠገብ በተዘረጋች ማይክ ከማን ጋር እንደሆነ የማይታወቅ ወሬ ይዟል። ዋሽንግተንም ይሁን ለንደን፣ ዱባይም ይሁን ስቶክሆልም፣ ይህ የብዙ ቤታችን የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል።

ሄድሴትን «አያስፈልግም» ብሎ መዝጋት ግን ቀላል አይደለም። የዛሬ ጌም በቡድን ነው የሚጫወቱት፤ ማይክ የሌለው ልጅ ኳስ ሜዳ ዳር እንደቆመ ነው። ደግሞም ሄድሴት ለቤተሰቡ ሰላም ነው። ሕፃን በሚተኛበት፣ ሌሊት ሲሠራ ያደረ አባት ቀን በሚያሸልብበት ባለ ሁለት ክፍል አፓርትማ ውስጥ የተኩስና የፍንዳታ ድምፅ በቴሌቪዥን ሲለቀቅ ማን ይችለዋል? ስለዚህ ጥያቄው ይገዛ ወይስ አይገዛ ሳይሆን የትኛው ይገዛ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ከ20 ዶላር ጀምሮ እስከ 300 ዶላርና ከዚያም በላይ የሆነ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ካርቶኑ ሁሉ በመብራትና በቁጥር ያሸበረቀ ነው። ልጆቹ የሚፈልጉት ዩቲዩብ ላይ ያዩትን ነው፤ ወላጅ ደግሞ ዋጋውን አይቶ ወይ ርካሹን ያነሳል፣ ወይ «ውድ ከሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ይከፍላል። ሁለቱም ሊያስቆጭ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ልብ ልትሏቸው የሚገቡ ነገሮችን በየተራ እንመልከት።

መጀመሪያ፦ የሚሰካው ምን ላይ ነው?

ብዙ ሰው ሄድሴት የሚመልሰው ድምፁ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ቤት ያለው ማጫወቻ ላይ አልሠራ ብሎት ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ልጁ የሚጫወተው በምን እንደሆነ አረጋግጡ።

ኤክስቦክስ ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ አይቀበልም። የራሱ የገመድ አልባ ዘዴ ስላለው ካርቶኑ ላይ በግልፅ ለኤክስቦክስ የተሠራ መሆኑ መጻፍ አለበት። ፕሌይስቴሽን 5ም በብሉቱዝ ማዳመጫ በቀጥታ አይሠራም፤ ገመድ አልባ ከፈለጋችሁ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ፣ ዶንግል የምትባለው፣ አብራ ያለችበትን ግዙ። የመጀመሪያው ኒንቴንዶ ስዊች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የብሉቱዝ ማዳመጫ ይቀበላል፤ ነገር ግን በብሉቱዝ የተገናኘው ሄድሴት ማይክ አይሠራበትም። ልጁ ድምፅ ይሰማል፣ ጓደኞቹ ግን እሱን አይሰሙትም ማለት ነው።

የማያሳፍረው የድሮው ገመድ ነው። 3.5 ሚሊሜትር የሆነው ክብ ጃክ በፕሌይስቴሽን 4 እና 5 መቆጣጠሪያ፣ በአሁኖቹ የኤክስቦክስ መቆጣጠሪያዎች፣ በስዊች እና በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ይገባል። ጃኩን ቀረብ አድርጋችሁ እዩት፤ ሦስት መስመር ካለበት ማይክም አብሮ አለው፤ ሁለት ብቻ ከሆነ ማዳመጫ ብቻ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ለድምፅና ለማይክ የተለያየ ቀዳዳ ስላላቸው፣ በጥቂት ዶላር የሚገኝ ለሁለት የሚከፍል አዳፕተር ያስፈልጋል። በርካታ አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ይህ ቀዳዳ ስለሌላቸው ለእነሱም ትንሽ አዳፕተር መግዛት ነው።

ገመድ አልባ ከሆነ ሁለት ዓይነት መኖሩን እወቁ። በዶንግል የሚሠራው (ብዙ ጊዜ «2.4 ጊጋኸርዝ» የሚል ይጻፍበታል) ድምፁን ወዲያው ያደርሳል። ብሉቱዝ ግን ብዙ ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይዘገያል። ለመዝሙርና ለዜና ምንም አይደል፤ በጌም ግን ልጁ ሲተኩስ ዓይኑ ያየውን ጆሮው በኋላ ይሰማዋል። በዚያ ላይ የብሉቱዝ ሄድሴት ማይኩ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ጥራት ብዙ ጊዜ ወርዶ እንደ ስልክ ይሆናል። «ድሮ ጥሩ ነበር፣ ጨዋታ ሲጀመር ተበላሸ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ምቾት፦ ሩብ ኪሎ ቡና ራስ ላይ

አብዛኛው የጌም ሄድሴት ከ250 እስከ 350 ግራም ይመዝናል። ሩብ ኪሎ ቡና ራስ ላይ ተሸክሞ ሁለት ሦስት ሰዓት መቀመጥ ነው ነገሩ። ለአዋቂ የሚቀለው ለ9 ዓመት ልጅ አንገት ይከብዳል። ክብደቱ ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ፤ ለልጅ ከሆነ ከ250 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል።

ከክብደቱ እኩል የሚያሰቃየው ጥብቀቱ ነው። በጣም ከጠበቀ ጆሮ ግንድን ይጫናል፣ ራስ ምታት ያመጣል፤ በጣም ከላላ ደግሞ ጎንበስ ሲሉ ይወድቃል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ ከቦ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ዓይነት ጆሮው ላይ ከሚጫነው ይሻላል፤ የጆሮ ጫፍ ስለማይታጠፍ ረጅም ሰዓት ያስቆያል። ራስ ላይ የሚያልፈው ቅስት ከሥሩ የሚለጠጥ ጨርቅ ካለው ክብደቱን ስለሚያከፋፍል አናት አያሳምምም።

መነጽር የሚያደርግ ልጅ ካላችሁ መነጽሩን አድርጎ ነው መሞከር ያለበት። ጠንካራ ስፖንጅ የመነጽሩን እጀታ ወደ ጭንቅላት ይጫነዋል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው የሚያመው፣ ሱቅ ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። ለስላሳና ወፍራም ስፖንጅ ፈልጉ።

ፀጉርም ይታሰብበት። ሹሩባ የተሠራች ልጅ፣ ድሬድ ያለው ወይም ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ ቅስቱ በደንብ የሚረዝም ሄድሴት ያስፈልጋቸዋል። በሹሩባ መስመር ላይ ጠባብና ጠንካራ ቅስት ሲያርፍ ቆዳውን ይቆረቁራል። ሂጃብ የምታደርግ ልጅ ደግሞ ሄድሴቱን ከላይ ስትደፋ ጨርቁ በጆሮዋና በስፖንጁ መካከል ስለሚገባ ድምፁ ይደበዝዛል፤ ድምፁን ከፍ ለማድረግም ይገፋፋታል። ስስ ጨርቅ ጆሮ አካባቢ ያለ ድርብርብ ማድረግና ስፒሉን ስፖንጁ ከሚያርፍበት ቦታ ማራቅ ይረዳል።

የስፖንጁ ልብስም ልዩነት አለው። ቆዳ መሰሉ የውጭ ድምፅ ይከለክላል፣ ለመወልወል ይቀላል፤ ነገር ግን ያልባል፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላም መላጥ ይጀምራል። የጨርቁ ነፋስ ያስገባል። ሙቀት በሚበረታበት በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩ ጨርቁ ይመከራል። ከሁሉ በላይ ስፖንጁ ተነቃይና መለዋወጫ የሚሸጥለት መሆኑን እዩ፤ በ15 ወይም በ20 ዶላር ስፖንጅ ዕድሜው ሊታደስ የሚችል ሄድሴት በየዓመቱ አዲስ ከመግዛት ያድናል።

ጥሩ ድምፅ ማለት ምን ማለት ነው?

ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ብዙዎቹ ለማሻሻጫ ናቸው። «50 ሚሊሜትር ስፒከር» የሚለው ከ40 ሚሊሜትሩ የግድ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ወሳኙ አሠራሩ ነው። «እስከ 40,000 ኸርዝ ያሰማል» ቢላችሁም አትደነቁ፤ ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቢያወጣውም የሚሰማው የለም። «7.1» የሚለውም ሰባትና ስምንት ስፒከር አለው ማለት ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ስፒከሮች በሶፍትዌር አታሎ ድምፁ ከዙሪያ እንደሚመጣ ማስመሰል ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ይህን ራሱ በማንኛውም ሄድሴት ላይ ያደርገዋል፤ ኤክስቦክስና ዊንዶውስም በነፃ የሚገኝ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ስለዚህ ለዚህ ቁጥር ብቻ ብላችሁ 40 ዶላር አትጨምሩ።

ለጌም የሚጠቅመው ድምፁ ከግራ ነው ከቀኝ፣ ቅርብ ነው ሩቅ የሚለውን መለየት መቻል ነው። ጎርናናው ድምፅ ከመጠን በላይ የተጋነነበት ሄድሴት ፍንዳታውን ያስደስታል፣ የኮቴ ድምፁን ግን ይውጠዋል። ያን ጊዜ ልጁ ኮቴውን ለመስማት ድምፁን ሽቅብ ይለቀዋል። መጥፎ ሄድሴት ጆሮ የሚጎዳው እንዲህ አድርጎም ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። በደንብ የምታውቁትን ሙዚቃ በስልካችሁ ክፈቱና አዳምጡ። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ቢሆን ቫይብራፎኑ ከሳክስፎኑ ተለይቶ ይሰማል? ማሲንቆ ያለበት ዘፈን ቢሆን የጭራው ፍትግታ ይሰማል ወይስ ሁሉም ተደባልቆ አንድ ላይ ይንጋጋል? ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁም ቃላቱ ጥርት ብለው ከተሰሟችሁ ጥሩ ሄድሴት ነው።

ጀርባው የተዘጋና ጀርባው ክፍት የሆነ ዓይነትም አለ። ዝጉ የውጭውን ይከለክላል፣ የውስጡንም አያወጣም፤ ጫጫታ ላለበት ቤት ይሆናል። ክፍቱ ድምፁ ሰፋ ያለ፣ ጆሮም የማያልብበት ነው፤ ነገር ግን አጠገብ ያለው ሰው ሁሉን ይሰማል። ልጃችሁ የራሱ ክፍል ካለውና ስትጠሩት እንዲሰማችሁ ከፈለጋችሁ ክፍቱን አስቡበት።

ማይኩና የሌሊት ጩኸት

ልጆች ሄድሴት አድርገው የሚጮሁት ባለጌ ሆነው አይደለም። ጆሯችን ሲደፈን የራሳችንን ድምፅ ስለማንሰማ ሳናውቀው እንጮኻለን። ለዚህ መድኃኒት አለው፤ አንዳንድ ሄድሴት የራስን ድምፅ በትንሹ ወደ ጆሮ የሚመልስ አሠራር አለው። በእንግሊዝኛ «ሳይድቶን» ይባላል። ሻጩን በዚሁ ስም ጠይቁት። ጎረቤት ግድግዳ በሚደበድብበት አፓርትማ ለምትኖሩ ከምንም መብራትና ቀለም ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

ሌላው ማይኩን በአንድ ንክኪ የሚዘጋ ቁልፍ ነው። ቤት ውስጥ የሚወራ የቤተሰብ ጉዳይ፣ የስልክ ቁጥር፣ የባንክ ነገር በክፍት ማይክ ወደማያውቁት ሰው ጆሮ ሊደርስ ይችላል። ማይኩ ተነቃይ ወይም ወደ ላይ ሲታጠፍ የሚዘጋ ቢሆን ይበልጥ ያመቻል፤ ክፍት ይሁን ዝግ ከሩቅ ታያላችሁ።

ጆሮ መለዋወጫ የለውም

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ቢሳሳቱበት ገንዘብ ነው የሚጠፋው። ይኼኛው ግን የማይመለስ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ረቂቅ ፀጉር መሰል ሕዋሳት በኃይለኛ ድምፅ ከሞቱ እንደገና አይበቅሉም። ሕመም የለውም፣ ደም የለውም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚሄደው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ለልጆች 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ይህንን ስሌት ይዘን ብንሄድ አንድ ልጅ በ85 ዴሲቤል ማዳመጥ የሚችለው በሳምንት 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በ90 ዴሲቤል ከሆነ ደግሞ የሳምንቱ ድርሻው በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ያልቃል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለልጆች ተብለው የሚሸጡ ብዙ ማዳመጫዎች «ከ85 ዴሲቤል አይበልጥም» ይላሉ። ወላጅ ይህንን አይቶ ተረጋግቶ ይገዛል። ነገር ግን 85 ለልጅ ቀኑን ሙሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ገደብ ከሌለው ይሻላል፣ የወላጅን ዓይን ግን አይተካም።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቢኤምጄ ፐብሊክ ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ በጌምና በመስማት ላይ የተደረጉ 14 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። ጥናቶቹ በድምሩ ከ50,000 በላይ ሰዎችን የያዙ ሲሆኑ፣ የጌም ተጫዋቾች የሚያዳምጡት ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሚፈቀደው ልክ አጠገብ ወይም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጌም ደግሞ እንደ ዘፈን በአራት ደቂቃ አያልቅም፤ ድንገተኛ ተኩስና ፍንዳታም አለበት።

ቤት ውስጥ ማድረግ የምትችሉት ይህን ነው፦

ድምፁን ከሙሉው 60 በመቶ በታች አድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ራሳችሁ አድርጋችሁ አስተካክሉት፤ ልጁ ያንን ልክ እንዲያውቀው አሳዩት።

መቆለፊያ ካለ ተጠቀሙበት። ኒንቴንዶ ስዊች የማዳመጫን ከፍተኛ ድምፅ የሚቀንስ ማስተካከያ አለው። አይፎንም ከመረጣችሁት ዴሲቤል በላይ እንዳያልፍ ማድረግ ያስችላል።

በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ጆሮ ይረፍ። ውሃ ለመጠጣትም፣ ለመንጠራራትም ይሆናል።

ልጁ ጆሮዬ ይጮኽብኛል ወይም ድምፅ ይታፈንብኛል ካለ፣ ቴሌቪዥኑን ከወትሮው ከፍ ካደረገ፣ «ምን? ምን?» ካበዛ «አይሰማም፣ ችላ ብሎን ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ጋ ወስዳችሁ ጆሮውን አስመርምሩት።

በጆሮው ውስጥ ማን አለ?

ጌሙ በቴሌቪዥን ድምፅ ሲለቀቅ የሚባለውን ሁሉ ትሰማላችሁ። ሄድሴት ሲመጣ ግን ከዚያ በኩል ያለው ሰው ምን እንደሚል የሚሰማው ልጁ ብቻ ነው። ሰድቦትም፣ ዕድሜውን ጠይቆትም፣ ፎቶ ላክልኝ ብሎትም ይሆናል። አሜሪካ የጌም ካርቶን ላይ ያለው የዕድሜ ምልክት በኢንተርኔት ተጫዋቾቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን አይመዝንም።

ኤክስቦክስ፣ ፕሌይስቴሽንና ኒንቴንዶ ሁሉም የወላጅ መቆጣጠሪያ አላቸው። ልጁ ከሌሎች ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት ከዚያ ላይ መገደብ ይቻላል። ሄድሴቱ ከካርቶኑ በወጣበት ቀን፣ ልጁ ከመሰካቱ በፊት ይህን አብራችሁ አስተካክሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሄድሴቱን ተቀብላችሁ አድርጉት። እንደ ፖሊስ ሳይሆን «እስቲ አሰማኝ፣ ከእነማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ብላችሁ። ብዙ ልጅ የሚጠይቀው ሲያገኝ ደስ ብሎት ነው የሚነግረው።

ዋጋ፣ መመለስና ለአገር ቤት ስጦታ

ለአብዛኛው ቤተሰብ ከ40 እስከ 60 ዶላር አካባቢ ያለ የታወቀ አምራች የገመድ ሄድሴት በቂ ነው። በተመሳሳይ ገንዘብ የገመዱ ከገመድ አልባው ብዙ ጊዜ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል፤ ባትሪም አያልቅበትም። ገመድ አልባ ከመረጣችሁ ቻርጅ እየተደረገ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። የሚበሩት ባለ ቀለም መብራቶች ድምፅ አይጨምሩም፤ ባትሪ ግን ይበላሉ።

የመመለሻ ደንቡን ሳትጠይቁ አትክፈሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የገዛችሁትን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳብ ቀይሬያለሁ ብላችሁ የመመለስ መብት አላችሁ፤ ለተበላሸ ዕቃም የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለ። በአሜሪካ ግን ሐሳብን ቀይሮ መመለስ የሚወሰነው በሱቁ ደንብ ነው። የትም ብትሆኑ ደረሰኙንና ካርቶኑን አትጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ረዘም ላለ ሰዓት አድርጎት ይየው።

ለአገር ቤት ዘመድ የምትልኩ ከሆነ የገመዱን ምረጡ። ከአሮጌውም ከአዲሱም ፕሌይስቴሽን፣ ከላፕቶፕም ይስማማል፤ መብራት ቢጠፋ ቻርጅ አላደረግሁም የሚያሰኝ ነገር የለውም። ገመድ አልባም ቢሆን በዩኤስቢ ስለሚሞላ የአሜሪካው 120 እና የኢትዮጵያው 220 ቮልት ልዩነት አያስቸግርም፤ እዚያው ባለው የስልክ ቻርጀር ይሠራል።

ሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ

ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚደፋው ራስ የእሱ ነው። መነጽሩን እንዳደረገ፣ ፀጉሯም እንደተሠራ ይሞክሩት። አሥር ደቂቃ ሙሉ አድርገውት ይቆዩ፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የማይመች ሄድሴት የለም። ራስ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ ሲል ይንሸራተት እንደሆነ እዩ። ስታወልቁት ጆሮው ጀርባ ቀልቶ እንደሆነ ተመልከቱ። የምታውቁትን ሙዚቃ ዝቅ ባለ ድምፅ አሰሙት። ማይኩ እንዴት እንደሚዘጋ ልጁ ራሱ ያሳያችሁ። ከዚያ በኋላ ዋጋውን እዩ።

በመጨረሻም ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ድምፁ እስከ የት፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር። ዕቃው እጅ ከገባ በኋላ የሚመጣ ደንብ ቅጣት ይመስላል፤ ከመገዛቱ በፊት የተባለ ግን ውል ነው። ሄድሴቱ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ መጣሉ አይቀርም። ጆሮው ግን የልጅ ልጁ ሲጠራው እንዲሰማበት ያስፈልገዋል።